ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን፦ ኮምፒውተር እንዲያነብልን ሕጉ ይፍቀድልን

ግልባጭ፦ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ለትምህርት ሚኒስቴር፣ ለደራስያንና ለአሳታሚዎች በሙሉ

የተከበራችሁ የባለሥልጣኑ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የአገራችንን ቋንቋዎች በኮምፒውተር ለማጥናት ከሚደክሙ ሰዎች አንዱ ሆኜ ነው። ጥያቄዬ አጭር ነው። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመርልን። አንቀጹም በሕጋዊ መንገድ የተገኘን ጽሑፍ ለምርምር ሲባል በኮምፒውተር መተንተን የመብት ጥሰት እንዳልሆነ በግልጽ ይናገር። የምጠቅሳቸው ዓመቶች «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ በባለሙያዎች ዘንድ «ቴክስት ኤንድ ዳታ ማይኒንግ» ይባላል። እኔ ባጭሩ ዳታ ማይኒንግ እላለሁ። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ጽሑፎች ይሰበሰቡና ለኮምፒውተር ይሰጣሉ። ኮምፒውተሩ ቃላቱን ይቆጥራል። የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ያያል። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቢያነብ የማይደርስበትን ግንኙነት ፈልፍሎ ያወጣል። በመጨረሻ የሚገኘው መጽሐፉ ራሱ አይደለም። ቁጥር ነው፣ ሰንጠረዥ ነው፣ የፊደል ማረሚያ ነው፣ ወይም «ይህ በሽታና ይህ መድኃኒት ይገናኛሉ» የሚል ፍንጭ ነው።

ጥቅሙን ለማሳየት ከዶን ስዋንሰን ታሪክ የተሻለ አላውቅም። ስዋንሰን የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የመረጃ ሳይንስ ምሁር ነበር። ሐኪም አልነበረም። በ1986 ሁለት ዓይነት የሕክምና ጽሑፎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ መረመረ። አንደኞቹ ስለ ሬይኖ ሕመም የተጻፉ ናቸው። ይህ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ብርድ ሲነካቸው ጣቶቻቸው ደም አጥተው ይነጣሉ። ጽሑፎቹ የሕመምተኞቹ ደም ወፈር እንደሚል ይናገራሉ። ሁለተኞቹ ስለ ዓሣ ዘይት ናቸው። እነሱ ደግሞ የዓሣ ዘይት የደምን ውፍረት እንደሚቀንስ ያስረዳሉ። ሁለቱን ያገናኘ ሰው አልነበረም። የአንዱ ዘርፍ ተመራማሪዎች የሌላውን ጽሑፍ አይጠቅሱም። ስዋንሰን አገናኛቸውና የዓሣ ዘይት ለሬይኖ ሕመምተኞች ሊረዳ ይችላል ብሎ ጻፈ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሕመምተኞች ላይ የተደረገ ሙከራ ግምቱን ደገፈው። ለዚህ ግኝት አዲስ ላቦራቶሪ አልተከፈተም። ዕውቀቱ ታትሞ፣ ግን ተበታትኖ፣ በየመደርደሪያው ተቀምጦ ነበር።

ስዋንሰን በአብዛኛው የተጠቀመው በራሱ ዓይንና በዳታቤዝ ፍለጋ ነው። ዛሬ ተመሳሳዩን ሥራ ኮምፒውተር በሚሊዮን ጽሑፎች ላይ ይሠራዋል። ኮቪድ-19 ዓለምን ባስጨነቀበት ወቅት፣ ማርች 2020 ላይ፣ የአሜሪካ የምርምር ተቋማት ስለ ኮሮና ቫይረሶች የተጻፉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጽሑፎችን ለኮምፒውተር በሚመች መልክ አሰናድተው በነጻ ለቀዋል። ብዙ አሳታሚዎችም ተባብረዋል። ያስተባበራቸው ግን ወረርሽኙ ነው። በአዘቦቱ ቀን እንዲህ ያለ ፈቃድ ለማግኘት አንድ ተመራማሪ ከአሳታሚ ወደ አሳታሚ ሲጻጻፍ ዓመታት ያልፋሉ።

እኛም የሚተነተን ሀብት አለን። «ኢትዮጵያን ሜዲካል ጆርናል» ከ1962 ጀምሮ ሲታተም ቆይቷል። የየዩኒቨርሲቲዎቻችን ቤተ መጻሕፍት በማስተርስና በዶክትሬት ጥናቶች ተሞልተዋል። ስለ ባህላዊ መድኃኒት፣ ስለ አፈር፣ ስለ ከብት በሽታ፣ ስለ ወባ ተጽፏል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያ ተነስተው እንዶድ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል ለዓለም አሳወቁ። የዚህ ዓይነት ስንት ፍንጭ ማንም ባላገናኛቸው ሁለት ጥናቶች ውስጥ ተቀብሮ ይሆን? ለማወቅ መፈተሽ ያስፈልጋል። የሚፈትሸው ሰው ደግሞ ሕጉን ይፈራል።

ለምን እንደሚፈራ ላስረዳ። ሰው በዓይኑ ሲያነብ ቅጂ አያዘጋጅም። ስለዚህ ለማንበብ የደራሲ ፈቃድ አይጠየቅም፤ መጽሐፉን መግዛት ወይም መዋስ በቂ ነው። ኮምፒውተር ግን ሳይቀዳ ማንበብ አይችልም። ጽሑፉ ስካን ይደረጋል፣ ወደ ፊደል ይለወጣል፣ ይጸዳል፣ ይከማቻል። በእያንዳንዱ እርምጃ ቅጂ ይፈጠራል። አዋጃችን ደግሞ ለማባዛት የሰጠው ትርጉም ሰፊ ነው። አንድን ሥራ በኤሌክትሮኒክ መልክ ማከማቸትን፣ ቋሚም ይሁን ጊዜያዊ፣ ይጨምራል። እንዲህ ከሆነ አንድን ጋዜጣ ለመተንተን ለጥቂት ሰዓት ኮምፒውተር ላይ ያስቀመጠ ተማሪም አባዝቷል ማለት ነው። ማባዛት ደግሞ የባለመብቱ ብቸኛ መብት ነው። ሆን ብሎ መብቱን የጣሰ ሰው በወንጀል ይጠየቃል፣ ይታሰራልም።

ይህ የሚያሳዝነኝ አዋጁ ራሱ ሌላ ቦታ ላይ የተናገረውን ሳስታውስ ነው። አንቀጽ 5 ሐሳብ፣ አሠራር፣ ጽንሰ ሐሳብ፣ ግኝትና ተራ መረጃ የቅጂ መብት ጥበቃ እንደሌላቸው ይደነግጋል። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ተገልጸው ቢገኙም እንኳ ነጻ ናቸው። ዳታ ማይኒንግ የሚፈልገው ደግሞ እነዚህኑ ነው። የደራሲውን የአጻጻፍ ውበት አይሸጥም፣ ታሪኩን አይተርክም። ውስጡ ያለውን መረጃ ነው የሚያወጣው። ሕጉ መረጃው የሁላችንም ነው ብሎ ሲያበቃ ወደ መረጃው የሚወስደውን ብቸኛ መንገድ ዘግቶታል።

በአዋጁ ውስጥ ያሉት ልዩ ሁኔታዎችም፣ ማለትም ያለ ባለመብቱ ፈቃድ መጠቀምን የሚፈቅዱት አንቀጾች፣ አያድኑንም። አንቀጽ 9 አንድ ግለሰብ የታተመ ሥራን ለግል ጉዳዩ በአንድ ቅጂ እንዲያባዛ ይፈቅዳል። አንድ የምርምር ቡድን የሚጋራው የጽሑፍ ስብስብ ለግል ጉዳይ ነው ለማለት ይከብዳል። አንቀጽ 10 ጥቅስን፣ አንቀጽ 11 ማስተማርን፣ አንቀጽ 12 ቤተ መጻሕፍትንና ቤተ መዛግብትን ይመለከታሉ። ሁሉም መልካም ናቸው፤ ግን በ1996 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ሥራ በአገራችን ስላልነበረ ማንም አላሰበውም። ሕግ አውጪዎቹን አልወቅስም።

ነጻ የሆነው የመንግሥት ሰነድ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ሕግና ይፋዊ ሰነድ የቅጂ መብት የለባቸውም። ነጋሪት ጋዜጣን መተንተን የሚከለክለን የለም። ችግሩ ብዙዎቹ እትሞች በፎቶ መልክ መቀመጣቸው ነው፤ ያ ደግሞ የሕግ ሳይሆን የሥራ ጉዳይ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ዓለም አቀፍ ስምምነቶች አይፈቅዱም» የሚል ነው። ይህ ትክክል አይደለም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ፍርሃቱ ያለው እዚህ ነውና።

የቅጂ መብት ዓለም አቀፍ መሠረት የ1886ቱ የበርን ስምምነት ነው። ስምምነቱ በ1967 ስቶክሆልም ላይ ሲሻሻል የማባዛት መብትን በአንቀጽ 9 በግልጽ አስገባ። እዚያው አንቀጽ ላይ ለአገሮች በር ከፈተ። አገሮች በሕጋቸው ልዩ ሁኔታ መደንገግ ይችላሉ። ሦስት ነገር ግን መሟላት አለበት። ልዩ ሁኔታው የተለየና የተወሰነ ጉዳይ መሆን አለበት። ከሥራው መደበኛ ገበያ ጋር መጋጨት የለበትም። የደራሲውንም ተገቢ ጥቅም ያለአግባብ መጉዳት የለበትም። ይኸው መስፈርት በ1994 በተፈረመው የትሪፕስ ስምምነት (የዓለም ንግድ ድርጅት የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት) አንቀጽ 13፣ በ1996ቱ የዋይፖ (የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት) የቅጂ መብት ስምምነትም አንቀጽ 10 ላይ ተደግሟል። ትሪፕስ ጨምሮ የቅጂ መብት አገላለጽን እንጂ ሐሳብን፣ አሠራርንና የሒሳብ ጽንሰ ሐሳብን እንደማይጠብቅ ይናገራል።

እስቲ መስፈርቱን በእኛ ጥያቄ ላይ እንሞክረው። ለምርምር የሚደረግ የኮምፒውተር ትንተና የተወሰነ ጉዳይ ነው? አዎ። የልቦለድ ገበያን ይሻማል? አይሻማም። የቃላት ድግግሞሽ ሰንጠረዥ ያገኘ ሰው ልቦለዱን አነበብኩ አይልም፤ ማንበብ ከፈለገ ይገዛዋል። ደራሲውን ያለአግባብ ይጎዳል? ጽሑፉ በሕጋዊ መንገድ ከተገኘና እንደገና ካልተሰራጨ አይጎዳም። የትኛውም ስምምነት ዳታ ማይኒንግን በስም አልፈቀደም፣ በስምም አልከለከለም። ውሳኔው ለየአገሩ ተትቷል።

ሌሎች አገሮችም ወስነዋል። ጃፓን በ2009 ሕጓን አሻሽላ ከዓለም ቀድማ በግልጽ ፈቀደች። በ2018 ደግሞ ይበልጥ አሰፋችው። የጃፓን ሕግ የሚጠይቀው በሥራው ውስጥ የተገለጸውን ሐሳብና ስሜት ለማጣጣም ነው ወይስ ለሌላ ዓላማ የሚል ነው። ለማጣጣም ካልሆነ፣ ባለመብቱን ያለአግባብ እስካልጎዳ ድረስ፣ ፈቃድ አያስፈልግም። ለንግድ ቢሆንም ያው ነው። እንግሊዝ በ2014 ለንግድ ላልሆነ ምርምር ብቻ ፈቀደች፤ ይህን መብት የሚከለክል የውል ቃልም ዋጋ የለውም አለች። ሲንጋፖር በ2021 ለንግዱም ጭምር ከፈተችው። አሜሪካ የተለየ አንቀጽ የላትም፤ ፌር ዩዝ (ፍትሐዊ አጠቃቀም) በሚባለው ሰፊ ድንጋጌ ትሠራለች። በ2015 የኒውዮርክ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ጉግል ከ20 ሚሊዮን በላይ መጻሕፍትን ስካን አድርጎ መፈለጊያ ማበጀቱን በዚያ መሠረት ተቀብሎታል።

የአውሮፓ ኅብረት መንገድ ለእኛ ትምህርት የሚሆን ይመስለኛል። በ2019 ያወጣው መመሪያ ጉዳዩን ለሁለት ከፈለው። አንቀጽ 3 ለምርምር ተቋማትና ለቤተ መጻሕፍት፣ ለሙዚየም፣ ለቤተ መዛግብት ነው። እነዚህ በሕጋዊ መንገድ ያገኙትን ሥራ ለሳይንሳዊ ምርምር መተንተን ይችላሉ። ውል ሊከለክላቸው አይችልም። ቅጂውንም ለማረጋገጫ በጥንቃቄ ማስቀመጥ ይችላሉ። አንቀጽ 4 ለሌላው ሁሉ ነው፣ ለኩባንያም ጭምር። እዚህ ግን ባለመብቱ «አይሆንም» የማለት መብት አለው። በ2024 የሐምቡርግ ፍርድ ቤት አንድ ፎቶግራፍ አንሺ ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማሠልጠኛ የሚውል ስብስብ ባዘጋጀ ድርጅት ላይ ያቀረበውን ክስ ሲወስን የምርምሩን ልዩ ሁኔታ ተጠቅሟል። እኔ የምደግፈው ምርምርን ከንግድ የለየበትን አካሄድ ነው። «አይሆንም» የማለቱን አሠራር ግን እንዳለ መገልበጥ አልመክርም። በኢንተርኔት ለወጣ ጽሑፍ ክልከላው ማሽን በሚያነበው ኮድ እንዲገለጽ ይጠይቃል። ግጥሙን በቴሌግራም የሚያወጣ የደሴ ወጣት ይህን ኮድ ከየት ያመጣዋል?

ከአፍሪካ አንድ ታሪክ ልጨምር። ለእኛ በጣም ቅርብ ስለሆነ ትንሽ ሰፋ አድርጌ እናገረዋለሁ። ማሳካኔ የሚባል የአፍሪካ ተመራማሪዎች ማኅበረሰብ አለ። ዓላማው አፍሪካውያን ራሳቸው ለአፍሪካ ቋንቋዎች የኮምፒውተር ቴክኖሎጂ እንዲሠሩ ነው። ኢትዮጵያውያንም ይሳተፉበታል። የትርጉም ማሽን ለመሥራት አንድ ዓይነት ጽሑፍ በሁለት ቋንቋ ጎን ለጎን ያስፈልጋል። ለአብዛኛው የአፍሪካ ቋንቋ ይህ አይገኝም። በ2019 ጄደብሊው300 የሚባል ስብስብ ወጣ። የይሖዋ ምሥክሮች ድርጅት ከ300 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች ካሳተማቸው ጽሑፎች የተዘጋጀ ነው። ለብዙ ቋንቋ ከዚያ የተሻለ አልነበረም። ተመራማሪዎቹ በደስታ ተጠቀሙበት፤ የመጀመሪያዎቹን የትርጉም ሞዴሎች ሠሩበት። በኋላ የድርጅቱ ድረ ገጽ የአጠቃቀም ውል ዳታ ማይኒንግን እንደሚከለክል ታወቀ። ማሳካኔ ፈቃድ ጠየቀ። አልተሰጠውም። ስብስቡም ከሚገኝበት ቦታ ወረደ።

ድርጅቱን አልኮንንም፤ ጽሑፉ የእሱ ነው፣ ሕጉም ይህን መብት ሰጥቶታል። የሚቆጨኝ የእኛ የሕግ አውጪዎች ዝምታ ነው። እንግሊዝ አገር ያለ ተመራማሪ ለንግድ ላልሆነ ምርምር እንዲህ ዓይነት የውል ክልከላ አያስረውም፤ የአገሩ ሕግ ይከላከልለታል። አንድ የአፍሪካ ተመራማሪ ግን ከአገሩ ሕግ የሚመዘው አንቀጽ አልነበረውም። ሥራውን ጥሎ ሌላ ጽሑፍ ፍለጋ ሄደ።

በአማርኛም ያለው ሁኔታ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ2006 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል ሰዎች 1,065 የዋልታ ዜናዎችን ይዘው፣ 210,000 ያህል ቃላትን አንድ በአንድ ስም፣ ግሥ፣ ቅጽል እያሉ በእጃቸው ለዩ። ትልቅ ድካም ነው፤ ዛሬም ድረስ ተማሪዎች ይጠቀሙበታል። ከዚያ ወዲህ የመጡት ትላልቅ ስብስቦች ግን ብዙዎቹ ውጭ አገር የተዘጋጁ ናቸው። በቼክ ሪፐብሊክ ብርኖ ከተማ ያለው የማሳሪክ ዩኒቨርሲቲ የአማርኛ፣ የኦሮምኛ፣ የትግርኛና የሶማሊኛ ጽሑፎችን ከኢንተርኔት ሰብስቧል። በ2018 የታወቀው፣ 24 ሚሊዮን ያህል ቃላት የያዘው የዘመናዊ አማርኛ ስብስብ የተሠራው በጀርመን ማግደቡርግ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከሠሩትም መካከል የአገራችን ልጆች አሉበት። ሥራቸውን አከብራለሁ፣ እጠቀምበታለሁም። ነገር ግን እናንተን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። የአማርኛን ጋዜጣ ያለ ሥጋት መተንተን የሚችል ሰው ጀርመን አገር ያለው ብቻ ለምን ይሆናል? ጋዜጣው የታተመው እዚህ፣ አንባቢው እዚህ፣ ቋንቋው እዚህ ሆኖ ሳለ?

አማርኛ ከሌሎቹ ይሻላል። ከ80 በላይ ቋንቋ ባለበት አገር ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ አፋርኛ፣ ጉራጊኛ ያላቸው የታተመ ጽሑፍ ጥቂት ነው። ያ ጥቂቱ በቅጂ መብት ፍርሃት ከተቆለፈ ለእነዚህ ቋንቋዎች የፊደል ማረሚያም፣ ድምፅን ወደ ጽሑፍ መለወጫም፣ ትርጉምም አይሠራም። ማየት የተሳነው ሰው መጽሐፍ የሚያነብለት ድምፅ በራሱ ቋንቋ አያገኝም።

አሁን ወደ ደራስያን ልዙር፤ የእነሱ ሥጋት ከእኛ ይበልጣልና። የአማርኛ ደራሲ ምን እንደሚደርስበት ሁላችንም እናያለን። ብድር ገብቶ ያሳተመው መጽሐፍ በሳምንቱ ፒዲኤፍ ሆኖ ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል። ማንም አይጠየቅም። እንዲህ ለተቃጠለ ሰው «የቅጂ መብት ላይ ልዩ ሁኔታ ይጨመር» ሲባል ሌላ ዝርፊያ ሊመስለው ይችላል። አልፈርድበትም። ስለዚህ በግልጽ ልናገር፤ የምንጠይቀው አንቀጽ የቴሌግራምን ፒዲኤፍ ሕጋዊ አያደርገውም፤ ማድረግም የለበትም። የተሰረቀ መጽሐፍ በሕጋዊ መንገድ የተገኘ አይደለም። የሚተነትነው ተቋም መጽሐፉን ይግዛ፣ ወይም ከገዛው ቤተ መጻሕፍት ይዋስ። የአንድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮጀክት ሁለት ሺህ የአማርኛ መጻሕፍትን ቢገዛ ለደራሲው ጉዳት ሳይሆን ሽያጭ ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ ከአሜሪካ የመጣ ፍርድ አለ። በጁን 2025 የሳን ፍራንሲስኮ ፌዴራል ዳኛ አንትሮፒክ በሚባል የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኩባንያ ላይ በደራስያን በቀረበ ክስ ውሳኔ ሰጠ። ኩባንያው ገዝቶ ስካን ያደረጋቸውን መጻሕፍት ለሞዴል ማሠልጠኛ መጠቀሙ ፌር ዩዝ ነው አለ። ከሕገ ወጥ ድረ ገጾች ያወረዳቸውን መጻሕፍት ማከማቸቱን ግን አልተቀበለም። ጉዳዩ በኋላ በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጨ። ሌሎች ፍርዶች ሌላ ብለዋል፤ ክርክሩም ገና አላለቀም። ከዚህ የምወስደው ጽሑፉ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ሕግ ውስጥ መግባት እንዳለበት ነው።

ስለ ትላልቆቹ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኩባንያዎች ያለኝን አቋም አልደብቅም። የእኛ ሕግ ለእነሱ ያለ ቅድመ ሁኔታ ይከፈት አልልም። ቢሊዮን ዶላር የሚያንቀሳቅስ ድርጅት የአገራችንን ደራሲ ሥራ ወስዶ ምርት ሲሠራ ደራሲው ሊጠየቅ፣ ሊከፈለውም ይገባል። እንዴት ይሁን የሚለው ሰፊ ክርክር ነው፤ የደራስያን ማኅበራትም፣ መብትን በጋራ የሚያስተዳድሩ ማኅበራትም፣ አሳታሚዎችም ይነጋገሩበት። ግን ያ ክርክር እስኪያልቅ ምርምሩ መቆም የለበትም። ዛሬ ያለው ሕግ ኩባንያዎቹን አያቆማቸውም፤ ሰርቨራቸው እዚህ አይደለም፣ ፍርድ ቤታቸውም እዚህ አይደለም። የሚያቆመው ሕግ አክባሪውን የጅማ ወይም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ብቻ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን ርዕስ ሲመርጥ አማካሪው «ዳታውን ከየት ታገኛለህ?» ይለዋል፤ ተማሪውም ርዕሱን ይቀይራል።

የባህላዊ ዕውቀት ነገር ለብቻው ይታይ። ስለ ዕፀዋትና ስለ መድኃኒታቸው የተጻፈን ጥናት ስንተነትን የቅጂ መብቱ የተመራማሪው ቢሆንም ዕውቀቱ የማኅበረሰቡ ነው። ለዚህ በ1998 ዓ.ም. የወጣው የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ ቁጥር 482 አለ። አዲሱ አንቀጽ ይህን አዋጅ እንደማይነካ አንድ ዐረፍተ ነገር ይግባበት።

እንግዲህ አንቀጹ ምን ይዘት ቢኖረው ይሻላል? አርቃቂዎቹ እናንተ ናችሁ፤ እኔ የምመኘውን ልንገራችሁ። የምርምር ተቋም፣ የትምህርት ተቋም፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ መዛግብት፣ ሙዚየምና በግሉ የሚያጠና ተመራማሪ በሕጋዊ መንገድ ያገኘውን ሥራ ለኮምፒውተር ትንተና ማባዛት ይችል። የግል ተመራማሪውን እንዳትረሱብኝ፤ በአገራችን ብዙ የቋንቋ ሥራ የሚሠሩት ከሥራ ሰዓት ውጪ በራሳቸው ላፕቶፕ የሚለፉ ሰዎች ናቸው። ቅጂዎቹ ውጤቱን ለማረጋገጥ በጥንቃቄ ይቀመጡ፤ አብረው ለሚሠሩ ተመራማሪዎችና ለገምጋሚዎችም ይታዩ። ሙሉው ሥራ ለሕዝብ አይሰራጭ። ምንጩ ይጠቀስ። የግል መረጃ ካለበት በ2024 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ይከበር።

ከሁሉ በላይ የምለምነው የውሉን ነገር ነው። አንቀጹ «ይህን መብት የሚከለክል የውል ቃል ተፈጻሚነት የለውም» ካላለ ባዶ ይሆናል። ለምን ብትሉ፣ የውጭ ጆርናሎች ዳታቤዝ የሚከፈተው በውል ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ውሉን የሚፈርሙት ተደራድረው አይደለም፤ የተላከላቸውን ነው። ሕጉ የሰጠውን መብት ውሉ ከነጠቀው ሕጉ መውጣቱ ምን ይጠቅማል?

ጊዜውም አሁን ነው። አገራችን የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ2003 ነው። አባልነት ትሪፕስን ይዞ ይመጣል። ትሪፕስ ደግሞ ግዴታዎቹን ብቻ ሳይሆን አንቀጽ 13 የሚሰጠውን ነጻነትም ይዟል። ብዙ አገሮች ግዴታውን በሕጋቸው ጽፈው ነጻነቱን መጻፍ ረሱ። እኛም እንዳንደግመው።

የዋይፖ መቀመጫ በሆነችው በጄኔቭም ድምፃችን ያስፈልጋል። የቅጂ መብት በየአገሩ ድንበር ላይ ይቆማል። እዚህ በሕጋዊ መንገድ የተዘጋጀ ስብስብ ናይሮቢ ላለ ባልደረባ ሲላክ ሕጋዊነቱ ሊያከራክር ይችላል። ለማየት ለተሳናቸው ሰዎች ይህ ችግር በ2013ቱ የማራካሽ ስምምነት ተፈትቷል፤ ለእነሱ በሚመች መልክ የተዘጋጀ መጽሐፍ ድንበር ይሻገራል። ኢትዮጵያም በ2020 ተቀላቅላዋለች። ለምርምር ግን እንዲህ ያለ ስምምነት የለም። የአፍሪካ አገሮች ቡድን በዋይፖ የቅጂ መብት ቋሚ ኮሚቴ ስለ ትምህርትና ምርምር ልዩ ሁኔታዎች ለዓመታት ሲከራከር ቆይቷል። ልዑካናችን ዳታ ማይኒንግን በስሙ ጠርተው ከቡድኑ ጋር ይቁሙ።

ናይጄሪያ በ2022 የቅጂ መብት ሕጓ የፍትሐዊ አጠቃቀም ዝርዝሩን ክፍት አድርጋ ትታዋለች። ደቡብ አፍሪካ ያዘጋጀችው ረቂቅ ብዙ ከተጓተተ በኋላ በ2024 ፕሬዚዳንቱ ለሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት መርተውታል። ከሁለቱም የምንማረው ይኖራል፤ በተለይ ደራስያንን ዘግይቶ መጥራት ምን እንደሚያስከትል ከደቡብ አፍሪካ። እዚያ ደራስያንና አሳታሚዎች ረቂቁን አጥብቀው ተቃውመዋል፤ ቤተ መጻሕፍትና መምህራን አጥብቀው ደግፈዋል። በመካከላቸው ዓመታት አለፉ።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ስብሰባ ይሁን። ደራስያንን፣ አሳታሚዎችን፣ የጋዜጣ ባለቤቶችን፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችን፣ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩትን፣ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችንና ማየት የተሳናቸውን ወገኖች ማኅበራት በአንድ አዳራሽ ጥሩ። ረቂቅ ካለም ሳይጸድቅ በፊት ለሕዝብ ይፋ አድርጉት። እኛ ከምንሠራቸው ስብስቦች ናሙና ይዘን እንመጣለን። አንድ መጽሐፍ ወደ ኮምፒውተሩ ሲገባ ምን እንደሚመስል፣ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ለደራስያኑ ፊት ለፊት እናሳያለን። የማይቀበሉት ነገር ካለ እዚያው ይንገሩን፤ በአንቀጹም ውስጥ ይጻፍ።

መልሳችሁን በአክብሮት እጠብቃለሁ።

አንድ የቋንቋ ቴክኖሎጂ ተመራማሪ
አዲስ አበባ